ውሃ የማትጠጣዋ ቢጫ መኪና

የወርቅአገኘሁ አሮጌ ፒካፕ አንድ የማይለወጥ ጸባይ ነበራት። ከላሊበላ ተነስታ ቁልቁለቱን በደህና ትወርዳለች፤ ሜዳውን በደህና ታልፋለች፤ የጋሸናን ዳገት ስትያያዝ ማጉረምረም ትጀምራለች፤ መገንጠያው ላይ፣ ልክ ባንቺዓለም ምግብ ቤት ደጃፍ ስትደርስ ትፈላለች። ከኮፈኗ ሥር እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። ወርቅአገኘሁም ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይወርድና፣ "እታለም፣ ትንሽ ውሃ" ይላል። ነገሩ እንዲህ ሆኖ አስራ አንድ ዓመት ቆየ።

የፈላ ራዲያተር ደግሞ ወዲያው አይከፈትም፤ የቸኮለ ፊቱን ይቀቀላል። ስለዚህ መጠበቅ ግድ ነው። ባንቺዓለም ውሃውን ቀድታ ታቀብለውና፣ "እስክትበርድልህ ግባ፣ አያ ወርቄ" ትለዋለች። ሽሮ ይቀርባል፣ ጨዋታ ይመጣል። መኪናዋ በርዳ በርዳ ጤዛ ሊወርድባት ሲደርስ እንኳ ወርቅአገኘሁ፣ "አሁንም ትንሽ ትሞቃለች" እያለ አይነሳም። እሱ አግብቶ አያውቅም፤ እሷ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ይወዳታል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከላሊበላ እስከ ወገል ጤና ያለ ሹፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። ያልነገረው ለእሷ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ባንቺዓለም የበርሜሏን የመጨረሻ ውሃ ለአንድ የጭነት መኪና ሹፌር እየገለበጠች ተማረረች። ውሃው ከሩቅ ምንጭ በአህያ ነው የሚመጣላት። "የእናንተ መኪና እኔን ሊያደርቀኝ ነው! ውሃ የማይጠጣ መኪና የሚሠራ ሰው ጠፋ?" አለች። ብላም ረሳችው። ጥግ ላይ ሽሮውን የሚበላው ወርቅአገኘሁ ግን ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ውሃዋን ሲጨርስባት የኖረ መሰለው። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ አህያ ገዝቶ ይሰጣት ነበር። እሱ ግን ሹፌር ነው፤ ለችግር ሁሉ መድኃኒቱ መኪና ይመስለዋል።

በዚያው ሰሞን የፒካፗ ሞተር ተቃጥሎ ቀረ። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ወርቅአገኘሁ ያለውን ጥሪት ቋጥሮ መኪና ሊመርጥ አዲስ አበባ ወረደ፤ የኔሰው የሚባል ደላላም ይዞት ዞረ።

መጀመሪያ ያሳየው ጽዱ ፒካፕ ነበረች። "ሞተሯን ስማው! ጋራ ትንዳለች" አለ የኔሰው።

"ውሃ ትጠጣለች?"

"ውሃ የማይጠጣ ምን ፍጥረት አለ፣ ወንድሜ?"

"ቀጥል።"

ሁለተኛዋ ሚኒባስ ነበረች፤ ቱሪስት ለመጫን የተፈጠረች። "ይችስ ትጠጣለች?" "በመጠኑ።" "ቀጥል።" የኔሰው በሽቆ፣ እንደ ማላገጥም ቃጥቶት፣ የአንድ የሞቱ ፓይለት ባለቤት ግቢ አስገባውና ሸራ ገለጠለት። ከሥሩ በጃንሆይ ዘመን የመጣች፣ ቢጫ፣ ዓይኗ ክብ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ ባለ ሁለት በር መኪና ወጣች።

"ፖርሽ ናት፤ የስፖርት መኪና። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። ራዲያተር የሚባል ነገር አታውቅም።"

ወርቅአገኘሁ ወደ መኪናዋ ጠጋ አለ። "ጠብታም?"

"ጠብታም።"

የቤቱ እመቤትም፣ "ባለቤቴ ነፋስ ብቻ ስጧት፣ ሌላ አትፈልግም ይል ነበር" አሉት። ነፋስማ ጋሸና ምን ቸግሮ! ስንት ሰው ትጭናለች አላለ፤ ድንጋይ ትሻገራለች ወይ አላለ፤ ቢሰበር ዕቃው የት ይገኛል አላለ። ገዛት።

እስከ ወልድያ ድረስ ሕዝቡ እያጨበጨበ ሸኘው። ከወልድያ ወዲያ ያለውን ኮረኮንች ግን እያንዳንዱን ድንጋይ በስሙ እየለመነ ነው የወጣው። በአራተኛው ቀን ጋሸና ደረሰና ከባንቺዓለም ደጃፍ ቆመ። እሷም የመኪና ድምፅ ሰምታ፣ እንደ ልማዷ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዛ እየሳቀች ወጣች።

"ምነው ጠፋህ፣ አያ ወርቄ! ይችን ደሞ ከየት አመጣሃት? ያው፣ ውሃህ።"

ወርቅአገኘሁ ደረቱን ነፋ። ይህችን ንግግር ከደብረ ሲና ጀምሮ ሲያጠናት ነው የመጣው። "እታለም፣ ከእንግዲህ ከእኔ ጣጣ ተገላገልሽ! ይችኛዋ ውሃ አትጠጣም። ጠብታ አልለምንሽም!"

የባንቺዓለም ሳቅ ቆመ። "ጭራሽ?"

"ጭራሽ!"

"በዳገትም?"

"በዳገትም!"

"እንግዲያውስ መንገዱን ያቅናልህ" አለችና ጀሪካኑን ይዛ ተመልሳ ገባች።

ወርቅአገኘሁ መኪናው አጠገብ ቆሞ ቀረ። የሽሮው ሽታ እስከ ውጭ ይመጣል። ሰው ያለ ምንም ምክንያት ምግብ ቤት ገብቶ ሽሮ ማዘዝ እንደሚችል እኔም እናንተም እናውቃለን። እሱ ግን በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ያንን በር ያለ ጀሪካን አልፎት አያውቅም። ጥቂት ጎማ ረገጥ ረገጥ አደረገና ሄደ።

ላሊበላ ሲገባ መካኒኩ አራጋው መጀመሪያ የፊቱን ኮፈን ከፈተ፤ ባዶ ነው። "ሞተሩን አውጥተው ነው የሸጡልህ!" ብሎ ጮኸ። ከኋላ መሆኑ ሲነገረው እንኳ ለሳምንት ያህል ወርቅአገኘሁ የተታለለ ይመስለው ነበር። የወርቅአገኘሁ የነፍስ አባት መምሬ ተክለ ሚካኤል ጸበል ሊረጩ መጡና፣ ውሃ እንደማትቀምስ ሲሰሙ፣ "ታድላ! ከእኛ እሷ ትሻላለች" ብለው ጿሚቱ አሏት። ስሙ ጸናባት። ፊቷ ቀላል ስለሆነ በዳገት አፍንጫዋን ሽቅብ እንዳታነሳ አንድ ጆንያ ድንች ከፊት ተጫነላት። የሚሳፈርባት ቱሪስት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጉልበቱን ጆሮው ላይ አድርጎ። አንድ የፍየል ወጠጤማ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ የፈረንጁን ካርታ እስከ ባሕር ዳር ድረስ በላው።

ይህ ሁሉ ለወርቅአገኘሁ ምንም አልነበረም። የጎዳው ጋሸና ነው። በዚያ ባለፈ ቁጥር ባንቺዓለም ደጇን ስትጠርግ ያያታል፤ እጇን ታነሳለች፤ ትገባለች። "ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ብትፈይ!" እያለ መሪውን ይለምናል። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያስጮኸ ወጣ፤ የጋሸና ብርድ ከኋላ እየገባ ይባስ ተመቻት። መኪናው እንዲፈላለት ስለት የተሳለ ሹፌር ከዚያ በፊት ያለ አይመስለኝም፤ ወርቅአገኘሁ ግን ጧፍ ተሳለ። አልፈላችም።

አንድ አርብ አራጋው ወሬ ይዞ መጣ። ከፍላቂት ገብስ የሚጭነው አድማሴ፣ መኪናው በየሁለት ቀኑ ባንቺዓለም ደጅ እየፈላ፣ ቤተኛ ሆኗል። እሑድ ሽማግሌ ሊልክባት ነው። ወርቅአገኘሁ እየሮጠ መምሬ ተክለ ሚካኤል ዘንድ ሄደ።

"አባቴ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ። ለጋሸናዋ ባንቺዓለም።"

"እሷ ምን አለች?"

"ምንም። እጇን ብቻ ታነሳለች።"

"መጨረሻ ያነጋገርካት ምን ብለህ ነው?"

"ከእንግዲህ ውሃ አልለምንሽም ብዬ።"

መምሬ መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደገፉ። "አስራ አንድ ዓመት ከደጇ የሚያቆምህ ያ ውሃ ነበር። እሱንም አልፈልግም ካልካት፣ ምን ብላ ትረዳው?"

"ኧረ ውሃው እንዳይቸግራት ብዬ ነው!"

"ይህን ነግረሃታል?"

"አልነገርኳትም።"

"ሠላሳ ዓመት ሳናዝዝ እንዳንተ ያለ ሞኝ አልገጠመኝም" አሉ መምሬ። "ነገ እንሄዳለን።"

ቅዳሜ ጠዋት መምሬን ከነጥምጣማቸውና ከነጃንጥላቸው አጥፎ አስገባቸው። ሊነሳ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ወርዶ ከሞተችው ፒካፕ ውስጥ አሮጌውን ጀሪካን አወጣ።

ጋሸና ሲደርሱ የአድማሴ መኪና ደጃፉ ላይ ቆማ እንፋሎቷን ትለቃለች። አድማሴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ባንቺዓለም በሩ ላይ ቆማለች። መምሬ ሊወጡ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ወርቅአገኘሁም አላያቸውም። ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ እሷ ሄደ።

"እታለም፣ ትንሽ ውሃ።"

"ለምንህ?"

"መኪናዬ… ፈላች።"

አድማሴ ተነስቶ የፊቱን ኮፈን ዳሰሰ። "ኧረ ይች እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች!"

ባንቺዓለም ጀሪካኑን ተቀበለችው፤ ከበርሜሏ እስከ አፉ ሞላችው፤ ተሸክማ መጥታ የፊቱን ኮፈን ከፈተች።

"ድንች ነው" አለች።

"አዎ።"

ዞራ የኋላውን ከፈተች። "እዚህም ማራገቢያ ነው። የት ልጨምርልህ?"

ወርቅአገኘሁ መሬት መሬት አየ። "የትም። ውሃ አትጠጣም። የገዛኋት ውሃሽን እንዳልጨርስብሽ ብዬ ነው፤ ከገዛኋት ወዲህ ግን እዚህ ደጅ መቆሚያ አጣሁ። መቆም ፈልጌ ነው የመጣሁት። እወድሻለሁ፣ ባንቺ።"

ባንቺዓለም ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ተቆጥታ በነጠላዋ ጠረገችው።

"አድማሴ እዚህ የሚቆመው መኪናው ስለሚፈላ ነው" አለች።

"እውነቷን ነው፤ ራዲያተሩ ቀዳዳ ነው" አለ አድማሴ፤ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው።

"አንተም አስራ አንድ ዓመት የቆምከው ስለሚፈላብህ መስሎኝ ኖሯል። ሳይፈላብህ የቆምክልኝ ዛሬ ነው። እጅህን ዘርጋ።"

ዘረጋ። ያንን በአህያ የመጣ ውሃ እንግዳ እንደምታስታጥብ እጁ ላይ አፈሰሰችለት፤ እስከ ክርኑ፣ ያለ ስስት፣ ጫማው እስኪርስ።

"በል ግባ፤ ሽሮው ይቀዘቅዛል።"

ያን ጊዜ ከመኪናዋ ውስጥ ድምፅ መጣ። "እናንተ ልጆች! ሽምግልናውን እዚሁ ሆኜ ልጀምር፣ ወይስ የሚያወጣኝ ሰው አለ?"

ወርቅአገኘሁ በረጠበ እጁ አንድ ክንዳቸውን ያዘ፤ ሌላውን አድማሴ ያዘላቸው። በሦስተኛው ጉተታ መምሬ ወጡ። ጥምጣማቸው ግን ውስጥ ቀረ።