መቶ አሥራ አራተኛው ጥያቄ

ድሬዳዋ ውስጥ እንግሊዝኛ ለሚጠይቅ ሥራ የሚፈተን ሰው ሁሉ “ሁለት መቶውን” ያጠናል። ሁለት መቶው ቲቸር ገብረ መድኅን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም በእጃቸው የጻፉት ዝርዝር ነው፤ ትርጉማቸው ተቀራርቦ ሰው በሚያምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ የወጡ ሁለት መቶ ጥያቄዎች፣ ከነመልሳቸው። ሮብ እና ስቲል፣ ቦሮው እና ሌንድ፣ ሂር እና ሊስን። ቲቸር ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዝርዝሩ ግን አልወጣም። ታይዋን ገበያ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ አለው። ፈተና የሚያወጡትም የእሳቸው ተማሪዎች የነበሩ ስለሆኑ ጥያቄውን ከዚያው ይቀዱታል። በዚህ የተነሳ ቃሉን የሚያጠና ሰው የለም። የሚጠናው ቁጥሩና ፊደሉ ነው፦ አሥራ ሁለት ሀ፣ አሥራ ሦስት ሐ።

መቶ አሥራ አራተኛው መልስ ስህተት ነው። ሌሎች ስህተቶችም አሉ፣ እንደዚህ የሚያሳፍር ግን የለም።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ መንገዱን ጎርፍ ስለዘጋው መኪናው ሁለት ሰዓት ቆይቶ ደረሰ፤ መኪናው ምን ሆነ? ምርጫዎቹ ዲሌይድ፣ ፖስትፖንድ እና ካንስልድ ናቸው። ዲሌይድ የተባለ መኪና ዘግይቷል፣ ግን እየመጣ ነው፤ ቆመህ ትጠብቀዋለህ። ፖስትፖንድ የተባለውን አንድ ሰው ወስኖ ለሌላ ቀን አዛውሮታል፤ ትተኸው ቤትህ ትገባለህ። ይህን ለመለየት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የቲቸር ገብረ መድኅን የመልስ ቁልፍ ግን ፖስትፖንድ ይላል፤ ከተማውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስትፖንድ ሲል ኖሯል።

እኔ ታይዋን ውስጥ፣ ከስልክ ጠጋኙ ከዋበሪ ሱቅ በላይ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ሰው ለፈተና አዘጋጃለሁ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከተመረቅኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ስለ መቶ አሥራ አራት ለተማሪዎቼ የምለው አጭር ነበር፦ “ትክክሉ ዲሌይድ ነው። ፈተና ላይ ግን ፖስትፖንድ ጻፉ። መቶ አሥራ አምስት።” ጊዜ ማባከን አልወድም።

ሱሀይራ እጇን ያወጣችው እዚህ ላይ ነው።

“ሚስ፣ አልገባኝም።”

“ምኑ?”

“ትክክል ያልሆነውን ጻፉ ያልሽው።”

“ገብቶሻል እኮ።”

“ገብቶኛል። አልጽፍም ነው የምልሽ።”

ከኋላ ወንበር ሲሞን ጣልቃ ገባ። ፈጣን ነው፤ ሁለት መቶውን ከነፊደሉ በሁለት ሳምንት ነው የሸመደደው። “አቦ ሱሀይራ፣ ሁለት ማርክ ናት! ጻፊና እለፊ። ሥራ ስትገቢ ታርሚዋለሽ።”

“አንተ ስትገባ ታርመዋለህ?”

“እኔማ ከገባሁ ዓይኑንም አላየው።”

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ወደ መቶ አሥራ አምስት ሄድኩ።

ሱሀይራ ከከተማው ወጣ ካለው ገጠር፣ የቢዮ አዋሌ ልጅ ናት። ከተማ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ሥራ እንድትፈልግ አባቷ የፈቀዱላት እስከ ሰኔ መጨረሻ ብቻ ነበር። ካላገኘች ተመልሳ አጎቷ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ትቀመጣለች። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ አልተለወጠም፤ ለባጃጅ ሹፌር መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ነበር የነገረችኝ። ግንቦት ላይ ወደ ጅቡቲ ጭነት የሚልክ አንድ የግል ትራንዚት ድርጅት አራት ሠራተኞች እንደሚፈልግ አስታወቀ፤ ሥራው ጭነቱ የት እንደደረሰ እየተከታተሉ ለደንበኞች በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ሌላ ፈተና አልነበረም።

ቅዳሜ ተፈተኑ። ሐሙስ ውጤቱ በድርጅቱ በር ላይ ተለጠፈ። ማለፊያው ሰባ ነው። አራት ሰው አልፏል፤ አራተኛው ሲሞን፣ ልክ ሰባ። ከመስመሩ በታች የመጀመሪያዋ ሱሀይራ፣ ስድሳ ስምንት።

“ዲሌይድ ጻፍሽ፣ አይደል?” አልኳት።

“ዲሌይድ ጻፍኩ።”

“ነግሬሽ ነበር።”

“አዎ፣ ነግረሽኝ ነበር። ስህተት ጻፊ ብለሽ ነግረሽኝ ነበር።”

በጣም ተናደድኩ። ከድርጅቱ በር እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ የተናደድኩት በእሷ ነበር። ማዶ ስደርስ ትክክል የጻፈችው አንዲት ልጅ ብቻ እንደሆነች፣ የወደቀችውም እሷው እንደሆነች፣ ያንን ሳውቅ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ እንደሆንኩ ታየኝ። ተመልሼ ተሻገርኩ።

“ነይ” አልኳት። “ስድስት ሰዓት ሳይሞላ።” ከስድስት ሰዓት በኋላ ድሬ ውስጥ አቤቱታ የሚሰማ ሰው አይገኝም፤ ሙቀቱና ጫቱ ከተማውን ይከፋፈሉታል።

የድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ቡልቻ ማራገቢያው ሥር ተቀምጧል። የዚህ ከተማ ሰው ስለሆነ አንቱታ አይፈልግም።

“ኑሀሚን! ዛሬ ከየት ተገኘሽ?”

“የፈተናችሁ ቁልፍ ስህተት አለበት።”

“ሰላምታ የለም?”

“ሰላም ነው። ስህተት አለበት።” ከቦርሳዬ መዝገበ ቃላት አውጥቼ፣ ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ዓይኑንም አልጣለበት። መሳቢያውን ስቦ የራሱን ሁለት መቶ አወጣ፤ ላሚኔት አስደርጎታል።

“እኔ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት በዚህ ነው” አለ።

“መዝገበ ቃላቱስ?”

“መዝገበ ቃላቱ ፈተና አላወጣም።”

“ቡልቻ፣ ስህተት መሆኑን አንተም ታውቃለህ።”

ወደ ማራገቢያው ቀና አለ። “ባውቅስ? በአንቺ ቃል ቁልፍ ከቀየርኩ ነገ የወደቀ ሁሉ መዝገበ ቃላት ተሸክሞ ይመጣል። ቲቸር ራሳቸው ተሳስቻለሁ ብለው ይፈርሙ፣ ዛሬውኑ እቀይራለሁ።” ሳቀ። ቲቸር ገብረ መድኅን ይህን ቃል ሲያወጡ የሰማ ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። “ውሉ ሰኞ ጠዋት ይፈረማል። ደግሞ ቁልፉ ከተቀየረ ሰባ ያመጣው ልጅ ይወርዳል። ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?”

መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ አነሳሁት።

“ታውቃለች” አለች ሱሀይራ። “እሷ ናት ያስተማረችው።”

ቲቸር ገብረ መድኅን ከዚራ ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ እያነበቡ አገኘናቸው። ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል። ድሬ ውስጥ አንቱ ከምላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ናቸው።

“ኑሀሚን። አሁንም ትቸኩያለሽ?”

“አዎ፣ ቲቸር።”

“ተቀመጪ።”

“አልቀመጥም። መቶ አሥራ አራት ስህተት ነው።”

ጋዜጣውን ቀስ ብለው አጠፉት። “እኔ ያንን ዝርዝር ስጽፍ እናትሽ ገና አላገባችም።”

“ልክ ነው። መልሱ ግን ስህተት ነው።”

“በዚያ ዝርዝር ስንት ሰው ሥራ ይዟል? ሆቴሉን እይ፣ መጋዘኑን እይ፣ ፋብሪካውን እይ። እስከ ዛሬ ድረስ መጥቶ ‘ቲቸር፣ ጎዱኝ’ ያለኝ አንድ ሰው የለም።”

ሱሀይራ እስካሁን በሩ ላይ ነበር የቆመችው። ደረጃውን ወጣች።

“እኔ መጥቻለሁ፣ ጋሼ።”

ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነገረቻቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት አባቷ አርባ ሳጥን ቲማቲም ሰብስበው ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን መኪና አስፋልት ዳር ይጠብቃሉ። እሷም አብራቸው ናት፣ ምክንያቱም ከቤቱ እንግሊዝኛ የሚያነብ እሷ ብቻ ናት። ከዚሁ ከቡልቻ ድርጅት በአባቷ ስልክ አጭር መልእክት ገባ፤ መኪናው ፖስትፖንድ ሆኗል ይላል።

“ለሌላ ቀን ተዛውሯል፣ እንሂድ አልኩት አባቴን። ቲማቲሙን መልሰን ጭነን ሄድን። መኪናው ሁለት ሰዓት ብቻ ዘግይቶ መጣ፣ ሰው አጣ፣ ሄደ። ሹፌሩ ደውሎ አባቴን ሰደበው። በሦስተኛው ቀን ቲማቲሙን ለፍየሎች ደፋነው። አባቴ ምን አለኝ መሰለዎት? ‘ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?’ ወላሂ፣ ጋሼ፣ እኔ በትክክል ነው ያነበብኩት። የጻፈው ሰው ነው ያልቻለው።”

“የጻፈው ሰው የእኔን ዝርዝር ማጥናቱን በምን አወቅሽ?”

“ሌላ ማን ነው እንደዚህ የሚጽፈው?”

መልእክቱን ያኔውኑ ወደ ራሷ ስልክ ልካው ነበር፤ ስልኳን ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። መልእክቱ አንድ መስመር ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ረጅም ደብዳቤ ቆዩበት።

“ይህን ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት በሹክሹክታ።

“መቼ ጠየቅሽኝ? መቶ አሥራ አምስት ነው ያልሽው።”

ቲቸር ስልኩን መለሱላት። “አርባ ሳጥን ነው ያልሽው?”

“አርባ።”

“ቡልቻ እርስዎ ተሳስቻለሁ ብለው ከፈረሙ ቁልፉን ዛሬውኑ እቀይራለሁ ብሏል” አልኳቸው።

“አልፈርምም” አሉ። “በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ለተማረው ለቡልቻ፣ ተሳስቻለሁ ብዬ አልፈርምም።”

“እንግዲያው እኔ እፈርማለሁ” አልኩና ወጣሁ።

አርብ ጠዋት አንድ ገጽ አተምኩ። ርዕሱ “የሁለት መቶው እርማት” ነው። መቶ አሥራ አራትን፣ እንዲሁም ፈተናው ላይ ያልመጡ ሌሎች ሦስት ስህተቶችን ከነምክንያታቸው ጻፍኩ። ከታች ስሜን፣ ስልኬን፣ ፊርማዬን አደረግኩ። “ለሁለት ዓመት ስህተት መሆኑን እያወቅኩ ጻፉት ብዬ አስተምሬያለሁ” የሚል መስመርም ጨመርኩበት፤ ይህን ትቼ ሌላ ሰው ማረም አይሆንልኝም ነበር። አንዱን ለቡልቻ ላክሁ፤ የቀረውን ይዤ ታይዋን ያሉትን ፎቶ ኮፒ ቤቶች ዞርኩ።

“ሰው የሚፈልገው የቲቸርን ነው” አለኝ ሹክሪ፣ ትልቁ ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት። “የአንቺን ማን ይወስዳል?”

“ከእሳቸው ጋር በስቴፕለር ምታው።”

“ቲቸርን በስቴፕለር? እኔ አልመታም፣ እህቴ።”

ዋበሪ ግን ሱቁ መስታወት ላይ ለጠፈው። “አባዮ፣ እህቴ፣ ደንበኛ ያጣሽ እንደሆነ ስልክ መጠገን አስተምርሻለሁ” አለኝ። እስከ ቅዳሜ ማታ ዘጠኝ ሰው ደወለ። ሰባቱ ተሳደቡ። አንዷ “የተሸመደደውን ታበላሺያለሽ፤ ልጆቻችን ምን ያድርጉ?” አለችኝ። ቃሉን ይወቁ አልኳት፤ ዘጋችብኝ። የመጨረሻው ሲሞን ነበር።

“ጻፍ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!”

“እኔ ነኝ።”

“አሁን ደግሞ ታስባርሪኛለሽ?”

“ገና ሥራ አልገባህም፣ ሲሞን።”

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ግን አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ከሱሀይራ ጋር ድርጅቱ ስንደርስ አራቱ አላፊዎች ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈዋል። ለምን እንደመጣን በደንብ አላውቅም ነበር፤ ውሉ ሲፈረም ፊታቸው ቆመን ስህተት ነው ለማለት፣ ቢያንስ። የቡልቻ ቢሮ በር ክፍት ነው። ቲቸር ገብረ መድኅን በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ከጠረጴዛው ፊት ቆመዋል። ቡልቻም ቆሟል፤ እሳቸው ቆመው መቀመጥ አልቻለም።

እጃቸው ላይ የእኔ ወረቀት አለ። በቀይ እስክሪብቶ አርመውታል።

“አራት ስህተት አገኘሁ ብለሻል” አሉኝ። “መቶ አሥራ አራትን ጨምሮ ሦስቱን ተቀብያለሁ። አራተኛው የአንቺ ስህተት ነው፤ ምሳሌው ያለፈ ጊዜ መሆኑን አላየሽም። ስለምትቸኩይ ነው።”

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ልክ ናቸው።

“ቲቸር፣ ታዲያ ተሳስቻለሁ ብለው ይፈርማሉ?” አለ ቡልቻ።

“አልተሳሳትኩም። አሻሽያለሁ።” ከወረቀቱ ግርጌ “ተሻሽሏል” ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ቀን አደረጉበት። “የአርባ ሳጥን ቲማቲም ጉዳይ ነው” አሉት።

“የምን ቲማቲም?”

“የአንተ መሥሪያ ቤት ነው፤ አንተ ጠይቅ።” ሱሀይራን ሳያዩዋት በአጠገቧ አልፈው ወጡ።

ቡልቻ ላሚኔት የተደረገ ዝርዝሩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ መሳቢያው ውስጥ አስገባ። የውጤት ወረቀቱን አወጣ። መቶ አሥራ አራትን አረመ፣ ሁለት ስም ላይ መስመር አሰመረ፣ ቦታ አቀያየራቸው። ከዚያ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። የሱሀይራ ስም አራተኛ ሆኖ ሲጠራ ሲሞን የተደገፈውን ግድግዳ ለቀቀ።

“ለሁለታችንም ማርኩን ስጡን!” አለ። “አምስት ብንሆን ምን ይጎዳል?”

ቡልቻ እኔን አየኝ። የሚያስማማ ነገር ሲገኝ ደስ ይለዋል፤ በዓይኑ እሺ እንድል ነበር የሚጠይቀኝ። አንድ ጊዜ ራሴን ብነቀንቅ ሲሞንም ይገባል፣ መልሱም ሁለት ይሆናል፣ ሁሉም ሰው ደህና ሆኖ ይውላል።

“ሁለቱም ልክ ሊሆን አይችልም” አልኩ።

ሱሀይራ ገብታ ፈረመች። ስንወጣ ሲሞን በሩ ጋ ጠብቆ ያዘኝ።

“እኔ ምን አጠፋሁ? ያልሽኝን ነው የጻፍኩት።”

“ምንም አላጠፋህም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የከፈልከው አንተ ነህ። ነሐሴ ላይ ሌላ ድርጅት ይፈትናል። እስከዚያ በነጻ አስተምርሃለሁ። ነገ ሁለት ሰዓት ና፣ ዝርዝሩን ይዘህ እንዳትመጣ።”

“ካልመጣሁስ?”

“ካልመጣህ አልለምንህም።”

ባጃጅ አስቁሞ ሄደ።

በማግሥቱ ከሃያ ስድስቱ ተማሪዎቼ የመጡት ዘጠኝ ነበሩ። የቀሩት ሁለት መቶውን እንዳለ የሚያስሸመድድ ሌላ ሰው ሳቢያን አካባቢ አግኝተዋል አሉ። ሲሞን ከዘጠኙ ውስጥ የለም። ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩን ዘግቼ ጀመርኩ።