የዱረቲ ካላንደር

ዱረቲ አምቦ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የሕንፃ ተቋራጭ ቢሮ የሥራ መርሐ ግብር የምታወጣ መሐንዲስ ናት። መሠረቱ መቼ ይቆፈር፣ ኮንክሪቱ መቼ ይሞላ፣ ቆርቆሮው መቼ ይመታ የሚለውን በኮምፒውተር ፕሮግራም ትደረድርና በየወሩ አትማ ለየሳይቱ ትልካለች። ፕሮግራሙ አርጅቷል። ሲከፈት ያቃስታል፣ አንዳንዴም መሃል ላይ ደርቆ ይቀራል። እሷ ግን ክፉ ሲነገርበት አትወድም።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አንድ ሐሙስ፣ የድርጅቱ ባለቤት ኦቦ ጉተማ በሯ ላይ ቆሙ።

«አዲሱን ፕሮግራም እንግዛ ወይስ ይቅር? ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ። አንቺ ያልሽው ይሆናል» አሏት።

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ይቅር። አዲሱ በስልክ ይከፈታል፣ ቢሮውም ሳይቱም አንድ ገጽ ያያሉ፣ ወረቀት የሚባል ነገር ይቀራል። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ነገር ግን አሮጌው ውስጥ የእሷ ካላንደር አለ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በ2009 ሁለት ሳምንት ቁጭ ብላ፣ ሠራተኛው ሥራ የማይነካባቸውን በዓላት፣ ሚካኤሉን፣ ማርያሙን፣ መድኃኔዓለሙን አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ ቀን መልሳ፣ በየዓመቱ እንዲደገሙ አድርጋ አስገብታለች። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም የኮንክሪት ቀን በዓል ላይ ወድቆባት አያውቅም። ሌሎች ተቋራጮች አሸዋና ጠጠር አራግፈው ሰው አጥተው ሲቆሙ፣ የእሷ ሳይት ይሠራል። አዲሱ ሲገባ ይህ ካላንደር አብሮ አይሻገርም። ካላንደሩ ከሌለ ደግሞ ዱረቲ ከሌላው መሐንዲስ በምን ትለያለች? ለማንም አትናገረው እንጂ የፈራችው ይህንኑ ነበር።

ቅዳሜ ምስክር ፍለጋ ጊንጪ ሄደች። እዚያ የእህል መጋዘን የሚያሠሩት ፎርማን ከድሮ ይባላሉ፤ ከድርጅቱ ጋር ያረጁ፣ ቃላቸው ኦቦ ጉተማ ዘንድ የሚሰማ ሰው ናቸው።

«ጋሽ ከድሮ፣ አሮጌው ይሻለናል ብለው አንድ ቃል ቢሰጡኝ?»

የከድሮ ዓይን ወደ ግድግዳው ሸሸ። ዱረቲም ተከትላ አየች። የላከችው የወሩ ወረቀት በሚስማር ተሰቅሏል። ማክሰኞ ላይ «ዝግ» ያለችው በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዞ «ሥራ» ተብሏል። ረቡዕ ላይ ያለው «የወለል ኮንክሪት» ወደ ሐሙስ ተገፍቶ፣ በቦታው «ሚካኤል» ተጽፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጳጉሜ ስድስት ሆነች እኮ፣ ኢንጂነር» አሉ ከድሮ ቀስ ብለው። «እንዲያ ሲሆን ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጁ ቀን በአንድ ይሸሻል። እስከ የካቲት ነው፤ ከዚያ ይመለሳል።»

ዱረቲ በጣቷ ቆጠረች። ኅዳር ሚካኤል ረቡዕ ነው። ስለቷን ይዛ ታቦቱን ልታነግሥ ነጠላዋን አጥባ ያስቀመጠችው እሷ ራሷ፣ በዚያው ቀን ኮንክሪት ቀጥራለች። ፊቷ ጋለ።

«በ2012ም ጳጉሜ ስድስት ካለፈች በኋላ ነበር…»

«ያኔም አርሜዋለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርሽ አምቦ መጥቼ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ለኦቦ ጉተማ ‹የኔ ካላንደር በአንድ ቀን እንኳ አይስትም› ስትዪ ሰማሁ። ደስ ብሎሽ ነበር። ለአንድ ቀን ብዬ አንገትሽን አላስደፋም አልኩና ተመለስኩ። ለሌሎቹም ፎርማኖች እየደወልኩ አሳርማቸዋለሁ።»

ወደ አምቦ ስትመለስ መጀመሪያ አፈረች። ከአምቦ በተቃራኒ ወደ ሆለታ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሳታይ ገብታ ነበር፤ ረዳቱ ነው የመለሳት። ኋላ ግን ከእፍረቱ የባሰ ነገር መጣባት። የሰባት ዓመት ስሟ የቆመው በአንድ ሰው እስክሪብቶ ነው። ከድሮ ቢታመሙስ? አዲሱ ቢገዛስ? ሻጩ ያቀረበው ርካሹ ዓይነት ሳይቱ እንዲያይ እንጂ እንዲነካ አይፈቅድም። ወረቀቱ ሲቀር እስክሪብቶውም ይቀራል፤ በዓላቱን እንደገና ስታስገባ የምትሳሳተው ግን በየሰዉ ስልክ ውስጥ ሳይነካ ይቀመጣል።

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ጉተማ ዘንድ ገባች።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ዱረቲ። ቁርጡ ምንድን ነው?»

«ይገዛ። ግን ርካሹ አይሁን። ጋሽ ከድሮ ገብተው ቀን የሚያርሙበት፣ ያረሙትም በስማቸው የሚታይበት ይሁን።»

ኦቦ ጉተማ ሳቁ። «ማሎ! እባክሽ፣ ከድሮ ደግሞ ምን ኮምፒውተር ያውቃል?»

ዱረቲ ጋሽ ከድሮ አስቀምጠዋቸው የኖሩትን፣ ከጊንጪ ያመጣቻቸውን የመርሐ ግብር ወረቀቶች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ የዘንድሮዎቹንም የ2012ቶቹንም። ሰማያዊው ቀለም በየገጹ አለ።

«የኔን ሲያርሙ ኖረዋል» አለች።