ቀላል የያዘ ከፊት

የእህቴ ባል መነጽር ሠሪ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከሰው ጋር የሚነጋገረው አንድ ነገር ነው፤ "አሁን ይሻላል ወይስ ቅድም?" ይላል፣ ሰዉ "ቅድም" ይላል፣ እሱ ሌንሱን ይቀይራል። ከዚያ ሰዉ መነጽሩን አድርጎ ይወጣል፤ የሚያየው ነገር ስለሚበዛለት ዞር ብሎ እሱን አያየውም።

እኛ ደግሞ እሁድ ጠዋት አብረን ብስክሌት የምንነዳ ጥቂት ሰዎች ነን። ስሙ ስፖርት ይባላል እንጂ ነገሩ ወሬ ነው። ስለሚቆረጥመን ጉልበት፣ ስለሚያፈስ ጣሪያ፣ ስለ ልጆቻችን ጠባይ እያወራን መንገዱ ያልቃል። መነጽር ሠሪውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እህቴ፣ "ወንድሜ፣ እባክህ ይዘኸው ውጣ፤ ቤት ሲቀመጥ ከቁም ሣጥኑ አልለየውም" ብላኝ ነው።

የመጣው በአሮጌ ብስክሌት ነበር። እኛ ዳገቱን ጨርሰን ስንሳሳቅ እሱ ገና ከታች ካቴናውን ያንቋቋል። ሲደርስ ቀልዱ አልቋል። "ምን ብላችሁ ነው?" ይላል። ያለቀ ቀልድ መድገም የቀዘቀዘ ሾርባ እንደ ማሞቅ ነውና "ኧረ ምንም" እንለዋለን።

ስለዚህ ውድ ብስክሌት ገዛ። እህቴ ዋጋውን አልነገረችኝም፤ የነገረችኝ አዲስ ሶፋ መግዛት እንደቀረ ብቻ ነው።

ያመጣው ቀን ከበብነው። አለቃችን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እኛንም እስከ ዛሬ እንደ ተሳፋሪ ይደለድለናል። ብስክሌቱን ባንድ ጣቱ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። የእህቴ ባል ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግብ እንደመጣ አባት ቆሟል።

"ጥሩ ነው" አለ ሹፌሩ። "እንግዲህ ከፊት ነህ።"

አድናቆቱ ይኸው ነው። መንገዳችን ሜዳው ላይ ሲወጣ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፣ የቀረነው ከኋላው ተጠልለን እናወራለን። በሹፌሩ ደንብ ቀላል የያዘ ከፊት ይሄዳል። ውድ ብስክሌት የሚያስከብር የሚመስለው ለማይነዳ ሰው ነው። ለሚነዳ ሰው የጎረቤት መኪና ማለት ነው፤ ገና ሲያየው ባለቤቱን የሚልክበት ጉዳይ ይታየዋል።

እንዲህ ሆኖ የእህቴ ባል ከጭራ ተነሥቶ ግንባር ገባ። ወሬው ያለበትን መኻሉን ሳያውቀው አለፈው። ከኋላ ስንስቅ አንገቱ ትንሽ ይዞራል፤ ነፋስ ግን ወሬን ወደ ፊት አያደርስም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ሲጠቁር እያየሁ ከኋላው ተጠልዬ እነዳለሁ። እኔም ደክሞኛል፤ እሱ ከወረደ ተራው የማን እንደሚሆን አላውቅም።

አንድ ቀን እህቴ አስጠራችኝ። ባሏ እሁድ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ያው የድሮው ሶፋ ላይ ይወድቃል አለች። ምን ስታወሩ ዋላችሁ ስትለው "ነፋስ ነበር" ይላታል።

"ለምን ራሱ አይነግራቸውም?" አልኳት።

"ወንድሜ፣ እሱ መናገር ቢችል ብስክሌት ይገዛ ነበር? ሰው አጥቶ እኮ ነው። አንድ ሁለት እሁድ እንዲህ ከዋለ ሸጦት ይቀመጣል፤ አውቀዋለሁ።"

እነግራቸዋለሁ አልኩና አልነገርኳቸውም።

በሚቀጥለው እሁድ ሲመጣ የብስክሌቱ አግዳሚ በጥቁር ናስትሮ፣ በዚያ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ በሚጠቀልሉበት፣ እንደ ተሰበረ እጅ ተጠቅልሏል። አንዱ ተሰነጠቀ ወይ ብሎ ጠየቀው። የእህቴ ባል ውሸት አይሆንለትም፤ መሬት መሬት አየ። እኛም ሐዘን አደረግነው። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት፤ ሌላው "ዕቃ ነው፣ ዋናው አንተ መትረፍህ" አለው። ብስክሌቱ በደኅናው ቀን ያላገኘውን ሙገሳ በሕመሙ አገኘ፤ ለካ ቀለሙ ያምር ነበር፣ ለካ እንደ ላባ ነበር።

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ናስትሮውን አየና፣ "መኻል ግባ" አለው። ለዛሬ ብቻ ብሎ የፊቱን ቦታ ራሱ ያዘ።

የእህቴ ባል ከጎኔ ሆነ። አንዱ የሚስቱን ወንድም ያማ ጀመር፤ ሰውዬው ለምንም ነገር እሺ ይላል፣ አንዱንም አያደርግም። የእህቴ ባል እኔን አየና ሳቀ። ይህን ሳቅ ከሠርጋቸው ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ስናርፍ ፀሐዩ የናስትሮውን ሙጫ አላልቶት ጫፉ ተገልብጧል። ከሥሩ ያለው ጭረት እንኳ አልነካውም። ቀና ስል ሹፌሩም እያየ ነው። የእህቴ ባል ውሃ መጠጣቱን አቆመ።

ሹፌሩ ጠጋ አለና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ናስትሮህ እየለቀቀ ነው" አለው። "ሳብ አድርገህ ጠቅልለው። ሰው ያይብሃል።"

ከዚያ ያን እንደ በር የሚከብድ ብስክሌቱን ይዞ፣ ማንንም ሳይደለድል፣ ነፋሱ ወዳለበት ወደ ፊት ሄደ።

ሜዳው ላይ ስንወጣ ከኋላ ተሳቀ። የሹፌሩ አንገት ትንሽ ዞረ። የእህቴ ባል ይህን አየ። ፔዳሉን ረግጦ ከመኻላችን ወጣ፣ ከሹፌሩ ጎን ሆነ፣ ጎንበስ ብሎ የተሳቀበትን ይነግረው ጀመር። ነፋሱ ሁለቱንም ይመታቸዋል። ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ቀልድ ማውራት አይችልበትም።