የሁዳዴ ቅቤ

በሁዳዴ አጋማሽ፣ ቡሬ በሚገኘው የጣሊያን መኪና ማደሪያ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስተኛው ካሚዮን ዐይኑ ጠፋ። መብራቱ አይበራም፤ ከመሪው ፊት ያሉት ጠቋሚዎችም መርፌያቸው ተኝቶ ቀርቷል። ስንቅ ጭኖ ወደ ደምበጫ የሚወጣው ደግሞ ቀትር ላይ ነው።

ጣሊያኑ አለቃ የመኪኖቹን ሽቦ የምጠግነውን እኔን በአስተርጓሚ አስጠነቀቀኝ። የሰው እጅ ካለበት ማደሪያውን የምትጠርገውን ታንጉትን ዛሬውኑ ይሰቅላታል። ከእሷና ከእኔ ሌላ የአገር ሰው ወደ መኪኖቹ አይደርስም፤ እኔን የተወኝ ሽቦ የሚያውቅለት ስላጣ ነው። ታንጉት ልጇ ዱር የገባባት ባልቴት ናት። መጥረጊያዋን ይዛ ግድግዳው ሥር ቆማለች።

ባትሪውን ሞከርኩ፤ ደህና ነው። ዲናሞውም ደህና ነው። እንግዲህ ጉዳቱ መሐል ላይ ነው ብዬ የጠቋሚዎቹን ሰሌዳ ፈታሁና ራሴን ከሥሩ ከተትኩ። ሽቦው የተጠቀለለበት ጨርቅ ተበጣጥሶ መዳብ ከመዳብ ተነካክቷል። የአይጥ ጥርስ ነው። እፎይ ልል ስል አፍንጫዬ ያዘው። ቅቤ! ጨርቁ ቅቤ ተቀብቷል። ቅቤ ከቀመስኩ ወር ሊሞላኝ ነው፤ አፍንጫዬ አይሳሳትም። አጠገባችን የእህል መጋዘን አለ፣ አይጡ አይቆጠርም፤ መንገዱን ያሳየችው ግን ታንጉት ናት።

ተናደድኩባት። የሦስት ልጆች አባት ነኝ፤ አንገቴን ስታስይዝ አላማከረችኝም።

አለቃው የተበላሸውን ሽቦ ቆርጬ እንድሰጠው አዘዘ፤ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። በጨርቅ ብጠርገው ቅቤውን ጨርቁ ላይ ያየዋል። ሽቦ በጥርሴ መላጥ ልማዴ መሆኑን ግን ያውቃል። ታንጉት ከግድግዳው ሥር እያየችኝ አፌ ውስጥ ከተትኩትና ቅቤውን ጠብታ ሳላስቀር መጥምጬ ዋጥኩት። በሁዳዴ! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጣፈጠኝ።

አለቃው ሽቦውን አገላበጠ፤ አሸተተው። ከምራቄ ሌላ ያገኘው የአይጥ ጥርስ ብቻ ነው። ድመት እንዲፈለግ አዝዞ ሄደ። እኔ አዲስ ሽቦ ቆርጬ መጠገኑን ቀጠልኩ።

ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም፤ ከአለቃው ደጅ አይጠፉም ነበር። የፋሲካ ዕለት ቤተሰቤ ሲፈስክ የእኔ እጅ ወደ ማዕዱ አልሄድ አለኝ። የምፈታው ጾም የለኝማ። ሚስቴ ያመመኝ መስሏት ስትጨቀጭቀኝ ታንጉት ገባች። ቁጭ በይ ሳትባል ከማዕዱ ቆርሳ፣ ከወጡ አጥቅሳ ወደ አፌ ዘረጋች።

«የገደፍኸው የኔን ጦም ነው» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «ያንተን ፍታ።»

እያለቀስኩ ጎረስኩ።