ስህተት የጠፋበት ሰው

ፋርማሲስቱ በክለቡ የቼዝ ውድድር አንደኛ በወጣ ማግስት ኮምፒውተር በስውር ይረዳዋል ተብሎ አጭበርባሪ ተባለ። የክለቡ ሊቀ መንበር የሆነው የጥርስ ሐኪም ጨዋታዎቹን በኮምፒውተር ሲያስመረምር አንድም ስህተት አልተገኘባቸውም። «ሰው እንዲህ አይጫወትም» አለ ሐኪሙ። እሱ ራሱ እንዴት እንደሚጫወት ስለሚያውቅ ከልቡ ነው ያለው።

ውሳኔው አጭር ነበር። ቅዳሜ ኪሱ ተፈትሾ፣ ጆሮው ታይቶ፣ ከሐኪሙ ጋር ይጫወታል። እንደ ሰው ከተሳሳተ ስሙ ይነጻል፤ ካልተሳሳተ ይባረራል።

ሚስቱ ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ትንሽ ተሳሳትላቸዋ!»

«አንቺማ ቀላል አደረግሽው።»

ቀላል አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት ሲያድል የኖረ ሰው ነው፤ እጁ ስህተት አይደፍርም። ቼዙንም እንደ መድኃኒት ማዘዣ ሁለቴ እያነበበ ነው የሚጫወተው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ከክለቡ ሌላ መዋያ የለውም። ከተባረረ ቀኑን ሙሉ ቤት ተጎልቶ ሚስቱን ስለ ዕቃ አቀማመጥ ሊመክራት ነው። ይህን ሁለቱም ይፈሩታል።

ቅዳሜ፣ ጨዋታው መሐል ላይ፣ ፋርማሲስቱ ጥርሱን ነክሶ ንግሥቱን ለተራ ወታደር አስበላ። ሐኪሙ ዓይኑን ማመን አቃተው፤ ግን በላት። ጨዋታውን በኮምፒውተር የሚከታተለው ዳኛ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ደንቡ ግን በጨዋታ መሐል መናገር አይፈቅድለትም። ፋርማሲስቱ ከዚያ ወዲያ እንደ ልማዱ በጥንቃቄ ተጫወተና ተሸነፈ።

ያን ጊዜ ዳኛው አፉን ከፈተ። «ንግሥቷን መስጠትዎ ከሁሉም የበለጠው እርምጃ ነበር ይላል ኮምፒውተሩ። ያሸንፉ ነበር።»

«ከዚያስ?» አለ ሐኪሙ።

«ከዚያማ አበላሹት።»

ሐኪሙ ብድግ ብሎ ፋርማሲስቱን ጨበጠው። «እንኳን ደስ አለዎት! ሰው ነዎት።»

የክለቡ ሰዎች አጨበጨቡ። ፋርማሲስቱ ግን ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይመልስ ነበር። ስሙ ነጽቷል፣ መዋያውም ተርፎለታል፤ ግን በሕይወቱ አንዴ ትልቅ ጨዋታ እጁ ገብቶ፣ መግባቱን ሳያውቅ ጣለው።

ዳኛው አዘነለትና ስክሪኑን ወደሱ አዞረ። «ይኸው፣ ቀጣዩ እርምጃ...»

«እንዳታሳየኝ!» ኮቱን አውልቆ ኮምፒውተሩ ላይ ጣለበት። ከዚያ ሐኪሙን «ቁጭ በል እስቲ» አለው። ሐኪሙም ቁጭ አለ። ሁለቱ ሰሌዳው ላይ አቀርቅረው ቀሩ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን የፋርማሲስቱ ስልክ ጠራ። እሱ ከሰሌዳው ቀና ሊል ስላልቻለ ሐኪሙ አነሣው፤ የፋርማሲስቱ ሚስት ነበረች።

«አዎ፣ እትዬ፣ ተሳስተዋል። በደንብ ነው የተሳሳቱት።»

«ታዲያ ለምን አይመጣም?»

ሐኪሙ ሰሌዳውን አየ። «ንግሥታቸውን ለምን እንደሰጡኝ ገና አልደረስንበትም።»