ፀሐይ ላይ የተሰጣው ጄል

የስኳር ቁስል ተንኮለኛ ነው፤ ስለማያም ይንቁታል፣ ሲንቁት ሥር ይሰዳል። የአንዲት ልጅ አባት ቁስልም እንዲሁ ነበር የጀመረው፤ በጫማ ጥበት፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር። አሁን ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ማመርቀዙ እስከ ዓርብ ካልተገታ እግራቸው ከጉልበት በታች ይቆረጣል።

የልጅቱ ሥራ ደግሞ የቁስል መሸፈኛ ጄል መሥራት ነው። አብዛኛው ውሃ የሆነ፣ እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ ስስ ነገር ነው፤ በውስጡ ያለውን ጀርም ገዳይ መድኃኒት ለሦስት ቀን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቁስሉ ያወርዳል። ሐኪሙን ለምና፣ ሦስት ገጽ መመሪያ ጽፋ አስፈቀደች። ሰኞ በገዛ እጇ ለጠፈችና "እማዬ፣ አደራ እንዳትነኪው" ብላ ወደ ሥራዋ በረረች።

ረቡዕ መጥታ ብታይ ቁስሉ ብሶበታል፤ ጄሉም ደርቆ ተኮማትሯል። ወይ ጉድ! ላቦራቶሪ ውስጥ የጀርሙን ድራሽ ያጠፋ ጄል! "ቅመማውን አበላሽቼ ይሆን?" እያለች፣ እህል ሳትቀምስ እንደ አዲስ መዝና ቀላቀለች። ሐሙስ ጠዋት አዲሱን ለጥፋ ወጣች፤ ቦርሳዋን ረስታ ኖሮ ከመንገድ ተመለሰች።

ጄሉ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣ በሁለት መቆንጠጫ ተይዞ ፀሐይ ይመታዋል። አባቷም እግራቸውን ገልጠው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል።

"እማዬ! ምን ጉድ ነው የሠራሽው?"

"ምን ያስጮህሻል? ውሃ ያዘለ ነገር ትለጥፊበታለሽ፤ ቁስል ሳይደርቅ ይድናል እንዴ? እኔ ነኝ በየቀኑ እያደረቅሁ የምመልስለት" አሉ እናት፣ ኮራ ብለው።

"ውሃው እኮ ነው መድኃኒቱን የሚያደርሰው! ከደረቀማ ምን ዋጋ አለው!"

እናት ክው አሉ። "ታዲያ ይህን መች ነገርሽኝ?"

ለሐኪሙ ሦስት ገጽ ጽፋለች፤ ለእናቷ ግን "እንዳትነኪው" ብቻ።

ዓርብ ሐኪሙ ቁስሉን ገልጦ አየና ከጉልበት በታች በእስክሪብቶ አሰመረ። አባት "በሉ፣ ካሁን በኋላ አንድ ካልሲ ይበቃኛል" ብለው ሊያስቁ ሞከሩ፤ ማንም አልሳቀም። ነርሷ ከቤተሰብ የሚፈርም ሰው ስትጠይቅ እናት ወረቀቱን ወደ ልጃቸው ገፉት።

"አንቺ ፈርሚ። እኔ እጄን ፈርቼዋለሁ።"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማዬ!" ብላ እጃቸውን ይዛ ተንሰቀሰቀች። እናት ግን ቀስ ብለው አስለቀቁና እጃቸውን ከሻርፓቸው ሥር ደበቁት።