የቀበሌው ምርጥ ሕፃን

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጌዶ ላይ የእነ ዱሬቲ ቀበሌ የጤናማ ሕፃናት ውድድር አዘጋጀ። ምነው ሸዋ! ለጽዳት ዘመቻ ቢሉ ደህና፣ ለዛፍ ተከላ ቢሉ ደህና፤ ሕፃን እንደ ሙክት እየመዘኑ አንደኛ፣ ሁለተኛ ማለት ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው? ግን አውራጃው አዟል። ሊቀመንበሩ ጓድ ደግፌ ደግሞ ትእዛዝ ከመጣ ምን እንደሚል ሳያነብ የሚያጨበጭብ ሰው ነው።

ዱሬቲ የሁለት ዓመት ተኩል ልጇን ሞቱማን ይዛ የሄደችው ወዳ አልነበረም። ያልመጣች እናት ስሟ በስብሰባ ይነሳል ስለተባለ ነው። ልጁን ሚዛኑ ላይ አንጠለጠሉት። ድምፅ ማጉያው ሲያንባርቅ የቀሩት ሕፃናት ሁሉ እሪ አሉ፤ ሞቱማ ግን ዓይኑን የሚዛኑ መርፌ ላይ ተክሎ ዝም። የሴቶች ማኅበሯ ሰብሳቢ ጉንጩን ቆነጠጠችው፤ ዞር ብሎም አላያት።

«አያችሁ ዲሲፕሊን!» አለ ደግፌ ደረቱን ነፍቶ። «የነገው ትውልድ ማለት ይህ ነው!»

ተጨበጨበ። ሞቱማ በክብደቱም በጸጥታውም አንደኛ ወጣና ብርድ ልብስ ተሸለመ፣ ፎቶግራፍም ተነሳ። ሪፖርቱ በማግሥቱ አምቦ፣ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ገባ።

ዱሬቲ ብርድ ልብሱን ታቅፋ ስትመለስ እርር ድብን ብላ ነበር። እነዚያ ጅሎች ያጨበጨቡለትን ዝምታ እሷ ታውቀዋለች። ሞቱማ ዓመት ከአራት ወር ሲሆነው «ቢሻን» እያለ ውሃ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ያቺ አንድ ቃል ከአፉ ጠፋች፤ ይኸው እስከዛሬ አልተመለሰችም። አሁን ውሃ ሲጠማው የእናቱን እጅ ይዞ ጣሳው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፊቷን ግን ቀና ብሎ አያይም። «ሞቱማ! ኮቱ!» ብላ ሰፈር እስኪሰማ ብትጠራው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ጎረቤት ደግሞ ምክር አያልቅበትም። አንዷ ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው ትላለች፣ ሌላዋ ዓይነ ጥላ ነው ትላለች፤ አንዷማ ጭራሽ እናትየው ዝምተኛ ስለሆነች ነው ብላ አረፈችው። ሁሉም ያውቃል፤ ቁጭ ብሎ ልጁን ያየ ግን አልነበረም።

ያየችው አስያ ናት፤ ከወሎ ተመድባ የመጣች የክሊኒኩ ነርስ። ልጁን መሬት አስቀምጣ ከበስተኋላው ጣሳ በማንኪያ መታች፤ ዞረ። ስሙን ጠራች፤ አልዞረም። ደጅ የቆመችውን ዶሮ በጣቷ አሳየችው፤ ዶሮዋንም ጣቷንም አላየም። የብልቃጥ ክዳን ስትሰጠው ግን እሱን እያሽከረከረ ሩብ ሰዓት ቆየ።

«ዱሬ፣ ጆሮውስ ደህና ነው» አለች። «ትምህርት ቤት ሳለን አንድ ሐኪም ኦቲዝም ስለሚባል ነገር አስተምረውን ነበር። እሱ ይመስለኛል። እርግማን አይደለም፣ ያንቺም ጥፋት አይደለም። እኔ ከስሙ አልፌ ብዙ አላውቅም፤ እሳቸው ግን አሁንም አዲስ አበባ አሉ። በዚህ ዕድሜው ከተጀመረ የሚግባባበት መንገድ ይገኝለታል ይሉ ነበር። ብዙ ወላጅ ግን የሚመጣው ልጁ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።»

«ታዲያ ነገውኑ ልሂዳ፣ ሲስተር!»

«ሪፈሩን አሁን እጽፍልሻለሁ። የነፃ ሕክምና ወረቀቱን የሚሰጠው ግን ቀበሌ ነው።»

ከፍላ ለማሳከም አቅሙ ከየት ይምጣ? አባቱ ቀነዓ ብሔራዊ ውትድርና ላይ ነው። የቀበሌው ማኅተም ካልተመታ ሞቱማ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ክዳን ሲያሽከረክር ሊኖር ነው።

ቀበሌ ሄደች። ደግፌ የሞቱማን ፎቶግራፍ ከጀርባው ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ሪፈሩን አነበበና ሳቀ።

«አንደኛ የወጣው ጤናማ ሕፃናችን ታሟል ብዬ ልፈርም? አብደሻል እንዴ? ሪፖርቱ እኮ አምቦ ደርሷል!»

«ይድረስ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ልጁ ግን አይናገርም።»

«ውድድሩ የንግግር አልነበረም።»

«ስሙን ቢጠሩት አይዞርም። እስቲ ይጥሩት።»

ደግፌ ጠራው። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ፣ በሦስተኛው ጠረጴዛውን ደበደበ። ሞቱማ የወንበሩን ብሎን በጣቱ እየነካካ ቀጠለ። ጸሐፊው እንኳ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ደግፌ ግን ዓይኑን በጨው የታጠበ ነው፤ «ኩሩ ልጅ ነው» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ኩሩ! ዱሬቲ ሳቋ መጣ። ይህን ሰውዬ ነው ስንት ዓመት ሙሉ ስትፈራው የኖረችው? ከዚያች ቀን ጀምሮ ፍርሃቷ ለቀቃትና ንቀት ብቻ ቀራት። በየቀኑ እየሄደች በሩ ላይ ቆመች። ደግፌም በየቀኑ ነገ ነይ አላት።

በስምንተኛው ቀን ራሱ ሰው ላከባት። ለካ ከአምቦ አንድ እንግዳ ሊመጣ ነው፤ አንደኛውን ሕፃን በዓይኔ ልየው ብሏል። ደግፌ ላብ በላብ ሆኗል። እንግዳው ልጁን ቢጠራውስ? ቢያጫውተውስ?

«ወረቀቱን እሰጥሻለሁ» አላት። «ነገ ማለዳ ከዚህ ትሄጃለሽ። ግን ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፤ ግልባጩንም ለሐኪሙ ትሰጫለሽ።» ጉሮሮውን ጠራርጎ አነበበ፦ «ሕፃኑ በውድድሩ ዕለት ፍጹም ጤናማ የነበረ ሲሆን፣ ከሽልማቱ ወዲህ በእናቱ ቸልተኝነት ለሕመም ተዳርጓል።»

ደሟ ፈላ። ያቺን አንዲት የጠፋች ቃል ስትፈልግ የከረመች እናት፣ ቸልተኛ! ወረቀቱን ቀዳዳ ፊቱ ላይ ብትበትነው ደስ ባላት። ግን እግሯ ሥር የተቀመጠውን ልጇን አየችው።

«መጀመሪያ የነፃ ሕክምናውን ማኅተም ይምቱልኝ።»

መታላት። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች፤ ከዚያ ፈረመች።

«አየሽ፣ ጥፋትን ማመን የንቃት ምልክት ነው» አለ ደግፌ።

«ልጇን በልታለች ብለው ቢጽፉም እፈርም ነበር። የእርስዎን ጽሑፍ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?»

ጸሐፊው ሳል አስመስሎ ሳቀ።

አዲስ አበባ፣ ሐኪሙ ሽበታም ሰው ነበሩ። መሬት ላይ ተቀምጠው ከሞቱማ ጋር ረጅም ሰዓት ቆዩ። ስሙን ጠሩ፣ ክዳኑን አብረውት አሽከረከሩ፣ ውሃ ሲፈልግ እጃቸውን እንዴት እንደሚጎትት አዩ።

«ሁለት ዓመት ተኩል!» አሉ ሲነሱ። «በዚህ ዕድሜው ልጇን ይዛ የመጣችልኝ እናት ሁለተኛዋ አንቺ ነሽ። ብዙ ሥራ አለብን፤ ግን በጊዜ መጥተሻል።» ከዚያ ግልባጩን ገለጡት። ሲያነቡ ፊታቸው ተለዋወጠ። «በእናቱ ቸልተኝነት? የትኛው ደፋር ነው ይህን የጻፈው? ቆይ፣ መልሱን እጽፍለታለሁ!»

«ይተዉት፣ ዶክተር» አለች ዱሬቲ። «እነሱ ያሻቸውን ይበሉ። እርስዎ ልጁን ይዩልኝ።»